ቪዲዮውን ሳየው ይገባኛል፤ ኩዊዙን ስከፍት ባዶ ነኝ

«ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው። የሙሉ ሰዓት ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ያቋረጥኩትን ዲግሪ ለመጨረስ ብዬ በዚህ ሴሚስተር የኮሌጅ ትምህርት በኦንላይን ጀመርኩ። የወሰድኩት የስታቲስቲክስ መግቢያ ኮርስ ነው። መምህሩን አይቼው አላውቅም። ያለው የተቀረጸ ቪዲዮ፣ በየሳምንቱ እሑድ ማታ የሚዘጋ ኩዊዝና ሁለት ፈተና ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። አማካይ፣ ሚዲያን፣ ግራፍ፣ ይሄ ሁሉ አልከበደኝም። አምስተኛው ሳምንት ላይ ናሙና፣ ስታንዳርድ ኤረርና ፒ ቫሊዩ ሲመጡ ግን ሁሉም ተደበላለቀብኝ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንዱን ቪዲዮ ሁለት ሦስት ጊዜ አየዋለሁ። ሳየው ይገባኛል። ኩዊዙን ስከፍት ባዶ ነኝ። ባለፈው ከ10 ያገኘሁት 4 ነው። ከሁሉ ያናደደኝ ደግሞ አንዱ ጥያቄ ነው። የአምስት ቀን የእንቅልፍ ሰዓት ሰጥቶ (4፣ 6፣ 7፣ 8፣ 10) ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን አውጪ ይላል። ተጠንቅቄ ሠርቼ 2 አልኩ። ስህተት ነው፣ 2.24 ነው አለኝ። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሒሳብ አይሆንልኝም። ሰባት ሳምንት ይቀረኛል። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ቁጥር ያስፈራኝ ነኝ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልተወው ወይስ ልቀጥል ላልሽው መልሴን እነግርሻለሁ። በፊት ግን ስለዚያች 2 እናውራ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ስለ አንቺ ብዙ የነገረችኝ እሷ ናት።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበታተኑ የሚለካ ነው። አማካዩ 7 ነው። ቁጥሮቹ ከ7 ያላቸውን ርቀት እንይ። አንዱ በ3 ያንሳል፣ አንዱ በ1 ያንሳል፣ አንዱ እኩል ነው፣ አንዱ በ1 ይበልጣል፣ አንዱ በ3 ይበልጣል። ርቀቶቹን በራሳቸው ስናባዛቸው 9፣ 1፣ 0፣ 1፣ 9 ይመጣሉ። ድምሩ 20። እስከዚህ ድረስ አንቺና ኩዊዙ አንድ ናችሁ። ከዚያ አንቺ 20ን ለ5 አካፈልሽ፣ 4 መጣ፣ ስኩዌር ሩቱ 2 ሆነ። ኩዊዙ ደግሞ 20ን ለ4 አካፈለ፣ 5 መጣ፣ ስኩዌር ሩቱ 2.24 ሆነ። የተለያያችሁት እዚህች ጋ ብቻ ነው። ስሌትሽ ውስጥ አንዲት ስህተት የለችም።

ለምን ለ4? አምስቱ ቀናት ናሙና ስለሆኑ። ከዓመት ሙሉ እንቅልፍ ውስጥ አምስት ቀን ብቻ ነው የተቀነጨበው። እውነተኛውን የዓመት አማካይ አናውቀውም። በእሱ ፈንታ ከእነዚሁ አምስት ቁጥሮች ያወጣነውን 7 ተጠቀምን። ቁጥሮች ደግሞ ከራሳቸው ለወጣው አማካይ ይቀርባሉ፤ ከእውነተኛው አማካይ ግን ከዚያ በላይ ሊርቁ ይችላሉ። ስለዚህ ለ5 ካካፈልን መበታተኑ ከትክክለኛው አንሶ ይታየናል። ለ4 ስናካፍል ያንን እናካክሳለን። በሌላ በኩልም ልታይው ትችያለሽ። ርቀቶቹን ከነምልክታቸው ብትደምሪ ሁልጊዜ ዜሮ ይመጣል። ስለዚህ አራቱን ካወቅሽ አምስተኛው ምርጫ የለውም፣ ተወስኗል። በነፃነት መለወጥ የሚችሉት አራት ናቸው። ‹ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደም› የሚባለው ይሄ ነው።

የዓመቱን 365 ቀን በሙሉ ይዘሽ ቢሆን ኖሮ ለ365 ማካፈሉ ትክክል ነበር። ኤክሴልም ሁለቱን ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው። ፎርሙላው መጨረሻ ላይ ኤስ ያለው ለናሙና ነው፣ ፒ ያለው ለጠቅላላው። ስለዚህ ካልኩሌተር ከመንካትሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ፤ ይሄ ናሙና ነው ወይስ ሙሉው? ያመለጠሽ ይህቺ ጥያቄ ናት። የንባብ ጥያቄ እንጂ የሒሳብ አይደለችም።

ሒሳብ አይሆንልኝም ያልሽውን ለዚህ ነው የማልቀበለው። በእጅሽ ስኩዌር አድርገሽ፣ ደምረሽ፣ ሩት አውጥተሽ ሳትስቺ ደርሰሻል። የመግቢያ ስታቲስቲክስ ከዚህ ብዙም ያለፈ ሒሳብ አይጠይቅም። አራቱ መደብ፣ ስኩዌር ሩት፣ ሰንጠረዥ ማንበብ፣ በቃ። የሚከብደው ሌላ ነው። ጥያቄው የሚያወራው ስለ ምን እንደሆነ መለየት ይከብዳል። አንድ ሐሳብ ደግሞ አለ፣ እሱ ካልገባ ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ያለው ሁሉ ጨለማ ይሆናል። ወደዚያ ሐሳብ እወስድሻለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ቪዲዮው።

«ሳየው ይገባኛል» ብለሻል። አምንሻለሁ። ጥሩ መምህር ሲሠራ ማየት ደስ ይላል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ልክ ይመስላል። ግን የገባሽ እሱ የሠራው ነው። ከባዶ ወረቀት መነሳት ሌላ ችሎታ ነው፣ እሱን ደግሞ እስካሁን አልተለማመድሽውም። በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ያነባሉ። ከፊሎቹ ያንኑ ደግመው ያነባሉ፤ ሌሎቹ ጽሑፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን ይጽፋሉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የበለጡት ደጋግመው ያነበቡት ናቸው። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ዘግተው የጻፉት በለጡ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በራሳቸው ይበልጥ ተማምነው ነበር። ከሳምንት በኋላም ብዙ እናስታውሳለን ብለው ገምተው ነበር። አንቺም ማታ ማታ የሚሰማሽ ያ ስሜት ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቪዲዮውን ሦስቴ አትዪው። አንዴ እዪው። መምህሩ ምሳሌውን አንብቦ ሊሠራ ሲል አቁሚው። ወረቀት ላይ ራስሽ ሞክሪ። አምስት ደቂቃ ታግለሽ ባይሆንልሽ እንኳ ትግሉ አይባክንም፤ ከዚያ በኋላ መልሱን ስታይ የት ጋ እንደጎደለሽ አውቀሽ ነው የምታይው። በማግስቱ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ሳታይ ከባዶ ሥሪው። መጀመሪያ ላይ ይሄ ከማየት የበለጠ ያደክማል፤ ቀስ ብሎ የሚሄድም ይመስላል። ታገሺው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳብ። ሳንቲም አምጪ።

እውነቴን ነው። ዛሬ ማታ ቪዲዮ አትክፈቺ፣ ሳንቲም ያዢ። 20 ጊዜ ጣይና ስንቴ ዘውድ እንደመጣ ቁጠሪ። ጻፊው። እንደገና 20 ጊዜ። አሥር ዙር እንዲህ አድርጊ። ልጆችሽ ካልተኙ እነሱ ይጣሉ፣ አንቺ ጻፊ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

እኔም ይሄን ልጽፍልሽ ስል ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ጣልኩ። የመጣልኝ ይሄ ነው፦ 9፣ 12፣ 10፣ 7፣ 11፣ 10፣ 13፣ 8፣ 10፣ 11። ሳንቲሙ ያው አንዱ ሳንቲም ነው። እጁም ያው እጅ ነው። ቁጥሩ ግን ወጣ ገባ ይላል። 10 የመጣው ከአሥሩ ዙር ሦስቴ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ «ግማሽ በግማሽ ነው» ሲባል ሁልጊዜ 10 የሚመጣ ይመስለዋል።

ወጣ ገባ ማለቱ ግን መረን የለቀቀ አይደለም። 2 አልመጣልኝም፣ 19 አልመጣልኝም። ስንት ጊዜ ስንት እንደሚመጣ በስሌት ይታወቃል። ሳንቲሙ ትክክለኛ ከሆነ ከአራት ዙር ሦስቱ ገደማ ከ8 እስከ 12 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። የእኔ ከአሥሩ ስምንቱ እዚያ ውስጥ ናቸው። የዚህ መዋዠቅ መጠን፣ ማለትም ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ 20 ሲባዛ በ0.5 ሲባዛ በ0.5፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት ነው። 20 በ0.25 ሲባዛ 5፣ የ5 ስኩዌር ሩት 2.24። አዎ፣ ያቺው ያናደደችሽ ቁጥር። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን ሁለተኛ እንዳትረሺያት ይረዳሻል።

ኮርስሽ ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ የሚያወራው ስለዚህ አንድ ነገር ነው። ናሙና በወሰድሽ ቁጥር ውጤቱ ይለያያል፤ ግን የሚለያይበት ልክ አለው፤ ያንን ልክ ማስላት ይቻላል። ስታንዳርድ ኤረር ማለት ይሄ ልክ ነው። አሥሩ ቁጥሮችሽን ነጥብ እያደረግሽ መስመር ላይ ብትደረድሪያቸው መሃል ላይ ይከማቻሉ፣ ወደ ዳር ይሳሳሉ። መቶ ዙር ብትጥይ ያ የደወል ቅርጽ ራሱ ይወጣልሻል። መጽሐፉ ውስጥ ስታይው ከየት እንደመጣ ያልገባሽ ቅርጽ ከራስሽ እጅ ሲወጣ ታይዋለሽ።

በነገራችን ላይ ይህን ያደረገ ትልቅ ሰው አለ። ጆን ኬሪክ የሚባል የሒሳብ ሊቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዴንማርክ ውስጥ ታስሮ ነበር። እዚያ ሆኖ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ጣለና መዘገበ። የመጣለት ዘውድ 5,067 ነው። ከግማሹ በ67 አለፈ ማለት ነው። ይሄ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? አሁን መልሱን ራስሽ ማውጣት ትችያለሽ። 10,000 በ0.25 ሲባዛ 2,500፤ ስኩዌር ሩቱ 50። ስለዚህ 67 ማለት ከአንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ትንሽ ያለፈ ነው፣ 1.34 ያህል። ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ይህቺ 1.34 ደግሞ ዜድ ስኮር ናት። ሳላስጠነቅቅሽ አንድ ዜድ ስኮር ሠራሽ።

እንቀጥል። አንድ ሰው ሳንቲም ይዞ መጣና «ይሄ ሳንቲም አያዳላም» አለሽ። 20 ጊዜ ጣልሽው። 15 ዘውድ መጣ። ታምኚዋለሽ?

እዚህ ጋ ሃይፖተሲስ ቴስት ይጀምራል። ለጊዜው «እሺ፣ አያዳላም እንበል» ትያለሽ። ነል ሃይፖተሲስ ይህቺ «እንበል» ናት። ከዚያ ትጠይቂያለሽ፤ እውነት ባያዳላ ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር፣ ወይም ከዚህ የባሰ፣ ስንት ጊዜ ይመጣ ነበር? 15ና ከዚያ በላይ፣ በሌላው በኩል ደግሞ 5ና ከዚያ በታች። ስሌቱ 0.041 ይሰጣል። ከመቶ አራቴ ገደማ። ፒ ቫሊዩ ይሄ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። መቶ ትክክለኛ ሳንቲሞች እያንዳንዳቸው 20 ጊዜ ቢጣሉ አራቱ ያህል እንዲህ ያለ ውጤት ያሳዩ ነበር ማለት ነው።

14 ቢመጣስ? 0.115 ይሆናል። ከመቶ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ። ይሄ ብርቅ አይደለም። «ብርቅ ነው» የምንልበት ድንበር 0.05 ከሆነ በ15 ነል ሃይፖተሲሱን ትጥያለሽ፣ በ14 አትጥይውም። በአንዲት ዘውድ ልዩነት! ድንበሩ የሰው ስምምነት ነው። 0.05ን ያስለመደው በዋናነት ሮናልድ ፊሸር ነው፣ በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ። ሌላ ድንበር መምረጥ ይቻል ነበር፣ የሚመርጡም አሉ። ስለዚህ ድንበሩን ለኩዊዙ ተጠቀሚበት፣ ግን 0.049ና 0.051 የሰማይና የምድር ያህል እንደሚራራቁ አታስቢ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። 0.041 ማለት «ሳንቲሙ ትክክለኛ የመሆን ዕድሉ 4 በመቶ ነው» ማለት አይደለም። ቀጥሎ ያለውን አስቢ። ያን 15 ዘውድ ያሳየው ሳንቲም ከራስሽ ቦርሳ የወጣ ቢሆን ምን ትያለሽ? «አጋጣሚ ነው» ትያለሽ። ቁማርተኛ የሰጠሽ ቢሆንስ? እጅሽን ወደኋላ ትሰበስቢያለሽ። ፒ ቫሊዩው በሁለቱም 0.041 ነው። እምነትሽ ግን አንድ አይደለም። ፒ ቫሊዩ ሳንቲሙ ከየት እንደመጣ አያውቅም። የሚያውቀው «እውነት ባያዳላ ኖሮ» ከሚለው የሚነሳውን ስሌት ብቻ ነው። ይሄ ስህተት የተማሪ ብቻ እንዳይመስልሽ። በ2016 የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር ስለ ፒ ቫሊዩ መግለጫ እስከማውጣት ደርሷል። ካስቀመጣቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነው፤ ፒ ቫሊዩ መላ ምቱ እውነት የመሆን ዕድልን አይለካም። የተማሩ ተመራማሪዎች የሚሳሳቱበት ነገር አንቺን በአምስተኛው ሳምንት ግራ ቢያጋባሽ አይደንቅም።

14 መጥቶ ነል ሃይፖተሲሱን ሳትጥይው ስትቀሪ ደግሞ «አያዳላም ማለት ነው» ብለሽ አትጻፊ። «ያዳላል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኘሁም» ብለሽ ጻፊ። የቃላት ጨዋታ አይደለም። 20 ጊዜ ብቻ ጥለሽ በትንሹ የሚያዳላን ሳንቲም መያዝ አትችይም። ኩዊዝ ላይ በዚህች ዓረፍተ ነገር ነጥብ የሚጥል ብዙ ነው።

«ሲግኒፊካንት» የሚለው ቃልም ያታልላል። ስትሰሚው ትልቅ፣ ከባድ፣ አስፈላጊ የሚል ይመስላል። ስታቲስቲክስ ውስጥ ግን «ይሄ በአጋጣሚ ብቻ መጣ ለማለት ያስቸግራል» ከማለት አያልፍም። ናሙናው በጣም ትልቅ ከሆነ ምንም የማይረባ ትንሽ ልዩነት እንኳ ሲግኒፊካንት ሊባል ይችላል።

ስለ ናሙና መጠን አንድ ነገር ብቻ ያዢ። ስኩዌር ሩቱ ነው የሚሠራው። 100 ሰው ጠይቀሽ ግማሹ «አዎ» ቢል፣ የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫልሽ (እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል ብለሽ የምትገምችው ክልል) ወደ ላይም ወደ ታችም 10 በመቶ ያህል ይሰፋል። ወደ 5 ለማጥበብ 200 ሰው አይበቃሽም፤ 400 ያስፈልግሻል። ወደ 2.5 ለማጥበብ 1,600። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ሰው። ይሄ ሁሉ ግን ሰዎቹ በዕጣ የተመረጡ ከሆነ ነው። በ1936 በአሜሪካ ምርጫ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል የመጠይቅ ወረቀት በፖስታ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። ከተወዳዳሪዎቹ ላንደን ያሸንፋል አለ። ተቀናቃኙ ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጠይቁ የተላከው በብዛት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ለተገኙ ሰዎች ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ደግሞ ሁሉንም አይወክልም። መልሶ የላከውም ከተላከለት ጥቂቱ ነው። እንዲህ ያለውን መዛባት የሰው ብዛት አያስተካክለውም።

አሁን ወደ ሳምንትሽ። እሑድ ማታ የሚዘጋውን ኩዊዝ መቼ ነው የምትከፍችው? አልነገርሽኝም፣ ግን ልጆች አስተኝተሽ እሑድ ማታ ይመስለኛል። ያን ቀይሪ። ከቻልሽ ረቡዕ ክፈችው። ብዙ ኮርሶች ከአንድ በላይ ሙከራ ይፈቅዳሉ፣ የኮርሱን ሕግ አንብቢ። የሚፈቅድ ከሆነ የመጀመሪያውን ሙከራ መጽሐፍ ዘግተሽ ሥሪው። የሳትሻቸውን ሐሙስና ዓርብ አጥኚ። ቅዳሜ ድገሚው። የሰዓት ገደብ ካለው ደግሞ የምትፈልጊያቸውን ፎርሙላዎች በራስሽ እጅ አንድ ገጽ ላይ ጽፈሽ ያዢ። ከኢንተርኔት የወረደ ገጽ እንደዚያ አይጠቅምም፤ የትኛው የት እንዳለ የሚያውቀው የጻፈው እጅ ነው።

በኮምፒውተር የሚታረም ኩዊዝ ሰው አይደለም፣ አይራራም። ስለዚህ መሃል ላይ ቁጥር አታጠጋጊ፤ መጨረሻ ላይ ብቻ። ስንት ዴሲማል እንደሚፈልግ ጥያቄውን እዪ። የዜድ ሰንጠረዥ ስትጠቀሚ ሰንጠረዡ የሚሰጥሽ ከዜድ ስኮሩ በግራ በኩል ያለውን የደወሉን ስፋት መሆኑን አለመሆኑን አረጋግጪ። ጥያቄው «ከዚህ በላይ» ካለ ከ1 ትቀንሻለሽ። ሁልጊዜ፣ ያለ ምንም ማመካኛ፣ የደወሉን ሥዕል ወረቀት ላይ አውጪና የተጠየቅሽውን ክፍል በእርሳስ አጥቁሪው። ያጠቆርሽው ክፍል ከግማሽ ያነሰ ሆኖ መልስሽ 0.93 ከመጣ ስህተቱን ወዲያው ትነቂበታለሽ።

«ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም» ያልሽው ልቤን ነካኝ። ክፍል ውስጥ ቢሆን መምህሩ ግንባርሽ ሲቋጠር አይቶ «ምን አልገባሽም?» ይልሽ ነበር። በኦንላይን ያ ግንባር አይታየውም። አንቺ መምህሩን አላየሽውም፣ እሱም አንቺን አላየሽም። ስለዚህ ራስሽን አሳዪው። «አልገባኝም» ብቻ ብለሽ አትጻፊ፣ መልስ መስጠት ይከብደዋል። እንዲህ በይ፦ «በአምስተኛው ሳምንት ኩዊዝ፣ ጥያቄ 3። አማካዩን 7፣ የስኩዌሮቹን ድምር 20 አገኘሁ። ለ5 አካፍዬ 2 አልኩ። መልሱ 2.24 ነው ይላል። የተለያየነው የት ላይ ነው?» እንዲህ ለተጻፈ ኢሜይል መምህር በሁለት መስመር ይመልሳል። የቀጥታ የጥያቄ ሰዓት ካለው ግቢ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባ ተማሪ ጥቂት ነው። አብረውሽ ከሚማሩት አንድ ሰው ፈልገሽ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ስልክ ብትደዋወሉም ጥሩ ነው።

የኤአይ ቻትቦት መጠቀምም ትችያለሽ፣ ኮርስሽ ከፈቀደ። ግን መልሱን አትለምኚው። አንቺ የሠራሽውን ስጪውና «የት ጋ ስቻለሁ?» በይው። ወይም ጠያቂ አድርጊው፤ እሱ ይጠይቅሽ፣ አንቺ መልሺ። አንዳንዴ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ስሌት ይሰጣል፤ ቁጥሩን በካልኩሌተር አረጋግጪ።

አንድ ልምድ ደግሞ ልጨምርልሽ። እያንዳንዱን መልስ ከጨረስሽ በኋላ አንዲት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፊ፣ ቁጥር ለማያውቅ ሰው እንደምትነግሪ አድርገሽ። «ይሄ ሳንቲም እንዲህ ሊያደርግ የሚችለው በጣም አልፎ አልፎ ነው፤ ስለዚህ እጠረጥረዋለሁ።» ይህን መጻፍ ካልቻልሽ፣ ኩዊዙ ትክክል ቢልሽም ገና አልገባሽም ማለት ነው። እኔም ገብቶኛል ያልኩት ስንቱ ነገር እንዳልገባኝ የደረስኩበት በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ልተወው ወይስ ልቀጥል።

መጀመሪያ ያቺን 4 እንመዝናት። የኮርስሽን መግለጫ ክፈችና ኩዊዝ ስንት በመቶ እንደሚይዝ እዪ። ለምሳሌ ኩዊዞቹ በጠቅላላ 20 በመቶ ይይዛሉ እንበል። አምስት ሳምንት አልፏል፣ ሰባት ቀርቷል፣ ስለዚህ 12 ኩዊዝ ናቸው። የአንዱ ድርሻ 1.67 ነጥብ ነው። ከ10 ስድስት ጣልሽ፤ ከ1.67ው 60 በመቶው ሄደ። ያጣሽው ከ100 አንድ ነጥብ ነው። አንድ! የአንቺ ኮርስ ክፍፍል ሌላ ሊሆን ይችላል፣ በራስሽ ቁጥር ሥሪው። ግን በአንድ ክፉ ሳምንት የሚወድቅ ኮርስ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ሰዓትሽን ቁጠሪ። በብዙ ኮሌጆች ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት ጥናት ይታሰባል። ሦስት ክሬዲት ከሆነ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ቪዲዮ ሦስት ጊዜ የምታይበትን ሰዓት ወደ ወረቀትና እርሳስ ካዞርሽው የተወሰነው አለሽ። የቀረውን ከየት እንደምታመጪ ከቤተሰብሽ ጋር ተነጋገሪ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሰው ልጆቹን ይያዝልሽ። አሳፍሮሽ የማትጠይቂው ከሆነ፣ እባክሽ ጠይቂ።

የእኔ መልስ ቀጥዪ ነው። ግን በጭፍን አይደለም። ያለ ቅጣት ማቋረጥ የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ አጣሪና ካላንደርሽ ላይ ጻፊው። እስከዚያ ድረስ ባልኩሽ መንገድ ሁለት ሳምንት ሞክሪ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ያን 4 ያገኘሽበትን ኩዊዝ ከባዶ ወረቀት ሥሪው። 7 ወይም 8 ከመጣ መንገዱ ይዞልሻል። ካልመጣና ሰዓቱን በእውነት ማግኘት ካልቻልሽ፣ በሰላም አቋርጠሽ በሌላ ሴሚስተር ቀለል ካለ ጭነት ጋር ውሰጂው። ያ በሰዓት ምክንያት የተወሰነ ውሳኔ ይሆናል። «ሒሳብ አይሆንልኝም» የሚለውን ምክንያት ግን በዚህ ገጽ ላይ ሠርተሽ ከጨረስሽው በኋላ አልቀበልሽም።

ዛሬ ማታ ሳንቲሙን ጣይ። አሥሩን ቁጥሮች፣ አማካያቸውንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸውን ላኪልኝ። ለ10 ነው ለ9 ያካፈልሽው፣ ለምንስ እንደሆነ፣ በአንድ መስመር አብረሽ ጻፊልኝ።